ሳሙና ሻጮች የከለከሉት ቃል

በምግብ አዳራሻችን አንድ ልማድ አለ። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲጀመር «ይህ የሥራ ፈት ነገር ነው» እንልና ጀርባችንን እንሰጣለን፤ ባለታሪኳ ማልቀስ ስትጀምር ግን አንገታችን ዘወር ይላል። ናቂዎቹም ተመልካቾቹም እኛው ነን። እኔም ከናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ አግነስ ኒክሰን የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ የሥራ ታሪክ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።)

«ሶፕ ኦፔራ» ማለት የሳሙና ኦፔራ ማለት ነው። በራዲዮ ዘመን የሳሙና ፋብሪካዎች ወጪውን እየከፈሉ፣ ቀን በቤት ለሚውሉ ሴቶች ሸቀጣቸውን ያስተዋውቁበት ስለ ነበር ይህ ስም ወጣለት። ድራማው በሳምንት አምስት ቀን ይቀርባል። ዋናው ጸሐፊ የብዙ ወራቱን ታሪክ አስቀድሞ ይነድፋል፤ በየሳምንቱና በየቀኑ ይከፋፍለዋል፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ንግግሩን ሲጽፉ እርሱ ያቃናል። እንግዲህ ሥራ ፈት የተባለው ሥራ ይህ ነው!

ኒክሰን ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣች አባቷ በራሱ ንግድ ሊያሠራት ፈለገ፤ ንግዱም ሬሳ የሚለብሰውን ልብስ ማዘጋጀት ነበር። የጽሑፍ ምኞቷ እንዲበርድላት ብሎ ኢርና ፊሊፕስ ከምትባለው ዝነኛ የራዲዮ ድራማ ጸሐፊ ጋር አገናኛት። ፊሊፕስ ግን የልጅቱን ጽሑፍ አይታ በዚያው ቀጠረቻት። አባት ያሰበው ሌላ፣ የሆነው ሌላ።

ኋላ ኒክሰን «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማ ዋና ጸሐፊ ሆነች። አንዲት ወዳጇ በማኅፀን በር ካንሰር ሞተችባት። ስለዚህ በ1962 በርት የተባለችው ባለታሪክ ምርመራ አድርጋ በሽታው በጊዜ ሲደረስበት ለማሳየት አሰበች። ወጪውን የሚከፍለው የሳሙና ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልና የቴሌቪዥን ድርጅቱ ሲቢኤስ ፈቀዱላት፤ ነገር ግን «ካንሰር»፣ «ማኅፀን» እና «ማኅፀን ማውጣት» የሚሉት ቃላት እንዳይነገሩ ከለከሉ። በሽታው በሴቶች ሰውነት ውስጥ ይኑር፣ ስሙ ግን በቤታቸው አይሰማ ማለታቸው ነበር። ኒክሰን ቃላቱን ተወች፤ ነገሩን ግን አልተወችም። ተመልካቾቹ ገባቸው፤ ብዙ ሴቶችም ደብዳቤ ጻፉ። በሰምና ወርቅ የምንመካ እኛ ይህን ጥበብ ልንንቀው እንዴት ይቻለናል?

በ1968 በኤቢሲ የጀመረችው «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ድፍረት ነበረበት። ካርላ የተባለች ቆንጆ ሴት በነጭነት ቀረበች፤ ተመልካቹም ለወራት በነጭነቷ አወቃት። ከዚያ በኋላ በሆስፒታሉ የጽዳት ሥራ የምትሠራው ጥቁር ሴት እናቷ መሆኗ ተገለጸ። ተመልካቹ ቀድሞ የወደደውን ሰው ኋላ በቀለም ምክንያት ለመጥላት ቢፈልግ፣ ከራሱ ልብ ጋር መሟገት ግድ ሆነበት። በአንድ ቀን ስብከት ይህ አይሆንም፤ በየቀኑ እየመጣ ከቤተሰብ የሚቈጠር ታሪክ ግን ይችለዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የሳሙና ነጋዴን ለማወደስ አልተነሣሁም። ከእነዚህ ድራማዎች አብዛኛው የጠፋ መንታ ወንድም፣ የተረሳ ስምና ማለቂያ የሌለው ሠርግና ፍች መሆኑን አውቃለሁ። ካርላን ሆና የተጫወተችው ኤለን ሆሊ ራሷ፣ ክፍያዋ ከነጮቹ ተዋንያን ያነሰ እንደ ነበረ በሕይወት ታሪኳ ጽፋለች። በመድረክ የተነገረው እውነት እስከ ደመወዝ ክፍሉ አልደረሰም። ይህ ግን የባለቤቶቹን ነውር እንጂ የጽሑፉን ከንቱነት አያስረዳም።

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው» የሚል ቢኖር፣ ከ2002 እስከ 2004 በአማርኛ በራዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ያስታውስ። 257 ክፍል ነበረው፤ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔም በታሪክ አድርጎ ይናገር ነበር። ወደ ክፍላችን ከቶ የማይመጣው ሰው በቤቱ ሆኖ ሰማው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኛ የምንጽፈው ለፈታኝ ነው፤ ፈታኙም ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ለሚያውቅ ብቻ መጻፍ ለጠገበ እንጀራ ማቅረብ ነው። ኒክሰን በ2016 ዐረፈች፤ እነዚያ ድራማዎቿም ከቴሌቪዥን ወርደዋል። በጊዜ ተመርምራ የዳነች ሴት ብትኖር ግን የድራማውን ደረጃ አትጠይቅም። ስለዚህ የሕክምናው ተማሪ ስለ በሽታው፣ የሕጉም ተማሪ ስለ ርስቱ ክርክር፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እናቱ ሽሮ እየወጠወጠች ልታዳምጠው የምትችለውን ይጻፍ። ጽፎ ካልገባት፣ ጥፋቱን በእናቱ ላይ አያድርግ።