ሽንኩርቱ ያልበሰለለት ዶሮ ወጥ

በባሕር ማዶ ተወልዶ፣ የዶሮ ወጥን ዝና ከአባቱ አፍ ብቻ የሰማ የአጎቴን ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ካለ አንድ ምግብ ቤት ጋበዝሁት። እናቴ ካለፈች ወዲህ በቤታችን ባለሙያ የለምና። የቤቱን ስም አልጠራም፤ መሰሎቹ ብዙ ናቸው። የቀረበልን ወጥ ቅላቱን ከበርበሬ ሳይሆን ከቲማቲም የተዋሰ፣ ሽንኩርቱ ገና ተለይቶ የሚታይ ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ብልት የደረሰን አንዳንድ ታፋ ነው። ልጁ በጨዋነት «ጥሩ ነው» አለኝ። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር።

ዶሮ ወጥ ከዶሮው ይልቅ የሽንኩርቱ ሥራ ነው ብል የሚቈጣኝ ባልትና ዐዋቂ ያለ አይመስለኝም። ያ ሁሉ ሽንኩርት ደቅቆ፣ ያለ ዘይት በዝግታ ተቁላልቶ፣ ከዚያም ከበርበሬና ከቅቤ ጋር እየተማሰለ ራሱን እስኪያጣ ድረስ ሰዓታት ይፈጃል። በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ምግብ ቤቶች ይህን ጊዜ ከየት ያመጣሉ? እረዳቸዋለሁ፤ የሽንኩርትና የቅቤ ዋጋ እኔንም ያንገበግበኛል። የማይገባኝ ለጎደለው ነገር ሙሉ ስሙን መጥራታቸው ነው። «ዶሮ በቲማቲም» ብለው ቢጽፉት አዝዤ እበላ ነበር፤ ቅርም አይለኝ።

የአጎቴ ልጅ በማግሥቱ ተሳፈረ። ፈረሰኛ የሚባል ብልት እንዳለ እንኳ አልነገርሁትም።