የሚሰረዝ ማስጠንቀቂያ ሀገር አይጠብቅም!

«አስቸኳይ! ለሁሉም ይድረስ! ይህን አፕ አሁኑኑ ከስልካችሁ አጥፉ!»

ወገን፣ እንዲህ ያለ መልእክት ስንቴ ደረሳችሁ? ስንቴስ ሳታጣሩ ለሌላው አስተላለፋችሁ? ማን ጻፈው? መቼ? ችግሩ ያለው የትኛው ቨርዥን ላይ ነው? መፍትሔውስ? መልስ የለም። በማግስቱ ስትፈልጉት ፖስቱ ተሰርዟል፤ ወይ ኤዲት ተደርጎ ሌላ ነገር ሆኗል። ስህተት ቢሆን ማን ይጠየቃል? ማንም!

እውነቱን እንነጋገር። የሀገር ፍቅር ፕሮፋይል ላይ ባንዲራ በመለጠፍ ብቻ አይለካም። ዛሬ የእናቶቻችን ገንዘብ ስልካቸው ውስጥ ነው፤ የወንድም እህቶቻችን መረጃ ሰርቨር ላይ ነው። ይህን የሚጠብቅ ወጣት ዘብ ቆሟል። ዘብ ደግሞ ጮሆ ዝም አይልም። ያየውን፣ ያየበትን ሰዓትና የወሰደውን እርምጃ መዝግቦ ለተረኛው ያስረክባል።

እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ አንድ ምሳሌ እነሆ። ከርል የሚባል ሶፍትዌር አለ። ስሙን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ግን በስልክ፣ በቴሌቪዥን፣ በመኪና ውስጥ ሳይቀር ተቀምጦ ከኢንተርኔት መረጃ ያመላልሳል። የሚመራው ስዊድናዊው ዳንኤል ስተንበርግ ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) የከርል ቡድን ከባድ የደህንነት ቀዳዳ እንዳለ ይፋ አደረገ፤ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2023-38545 ነው። ከ255 ባይት የረዘመ የአድራሻ ስም በአንድ ዓይነት ፕሮክሲ በኩል ሲያልፍ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ ሊተርፍ ይችል ነበር። ቀዳዳው ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው!

ሰውየው ምን አደረገ? ደበቀ? «ጠላቶቻችን ያስወሩት ነው» አለ? አላለም። ስህተቱ የራሱ እንደሆነ በአደባባይ ጻፈ። ማስጠንቀቂያው ላይ ከ7.69.0 እስከ 8.3.0 ያሉት ቨርዥኖች እንደሚጠቁ፣ 8.4.0 ላይ እንደተስተካከለ፣ ስህተቱ በየትኛው የኮድ ለውጥ እንደገባ፣ ጥቆማው መቼ እንደደረሰ፣ ያገኘው ማን እንደሆነ ሁሉም ተዘርዝሯል። ጽሑፉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የድረ ገጹ ምንጭ የሚቀመጠው በጊት ስለሆነ ማንም ከፍቶ የእያንዳንዱን መስመር ታሪክ ማየት ይችላል።

ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የለውጥ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የሚሰላው ከይዘቱና ከሱ በፊት ከነበረው ለውጥ ነው። ስለዚህ የድሮውን አንዲት ቃል ብትነኩ ከዚያ በኋላ ያለው መለያ ሁሉ ይቀየራል። ባለቤቱ ራሱ ታሪኩን ቢደመስስ እንኳ ቀድሞ ኮፒ የወሰደ ሰው ልዩነቱን ይይዛል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም!

ስታቲክ ድረ ገጽስ ለምን? ገጾቹ ቀድመው ተሠርተው ስለሚቀመጡ ዳታቤዝ አያስፈልግም፤ ገጹ ላይ የሚሰበር የአድሚን መግቢያም የለም። ስለ ሌባ የሚያስጠነቅቅ ቤት የራሱ በር ክፍት ከሆነ ምን ዋጋ አለው? በዚያ ላይ ቀላል ነው፤ ፓኬጅ አይበላም። ኔትዎርክ ቢጠፋ እንኳ ሙሉው መዝገብ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

አንዳንዱ «ድክመታችንን ለጠላት ማሳየት አይሆንም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አጥቂው ቀዳዳውን ቀን ከሌት እየፈለገ ነው፤ የማያውቀው ባለቤቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ቅደም ተከተል ግን አለው፤ መጀመሪያ ለባለቤቱ መንገር፣ ከዚያ ማስተካከል፣ ከዚያ ይፋ ማድረግ። የከርል ቡድንም ከቀናት በፊት «ከባድ ነገር አለ፣ ተዘጋጁ» ብሎ ዝርዝሩን ግን ማስተካከያው እስኪወጣ ያዘ። ረቂቁን ቸኩላችሁ ክፍት ማኅደር ላይ እንዳታስገቡ! ጊት አይረሳም፤ ያ ጥንካሬው ለቸኮለ ሰው ወጥመድ ነው።

ታዲያ እኛስ? ኮድ የምትችሉ ልጆች ብዙ ናችሁ፤ እናውቃለን። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ማኅደር ክፈቱ። ሕዝባችን የሚጠቀምባቸውን ሶፍትዌሮች ማስጠንቀቂያ በሚገባው ቋንቋ ጻፉለት። ቀን፣ ቨርዥን፣ ጉዳት፣ መፍትሔ፤ አራቱ ሳይሟሉ አታውጡ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያየው አይውጣ። ስትሳሳቱ አትሰርዙ፤ «ይህ ቀን ታረመ» ብላችሁ አርሙ። የሰው ሲስተም ሰብሮ መግባት ግን ጀግንነት አይደለም፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። በራሳችሁና ክፍት በሆነ ኮድ ጀምሩ።

ጩኸት በአንድ ቀን ይረሳል፤ መዝገብ ግን ይጠብቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ዛሬውኑ ረጋ ብለን እንታጠቅ።

እንመዝግብ! እንተራረም! ያነበባችሁ፣ ኮድ ለሚችል ጓደኛችሁ አድርሱልን።