ናቪዎችን ቀስት ያስያዛቸው ማን ነው?



አቫታርን ያላየ ወጣት በከተሞቻችን ማግኘት ይከብዳል። ሙሉውን ያላየ እንኳ በስልኩ ቁርጥራጩን አይቷል። ለማስታወስ ያህል፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ በ2009 የወጣ የጄምስ ካሜሮን ሥራ ነው። ዘመኑ 2154 ነው። የሰው ልጅ ፓንዶራ ወደምትባል ሩቅ ጨረቃ ሄዶ፣ አንዱ ኪሎ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማዕድን ይቆፍራል። ትልቁ ክምችት የተገኘው ደግሞ ናቪ የሚባሉ፣ ቆዳቸው ሰማያዊ፣ ቁመታቸው 3 ሜትር ገደማ የሆነ ፍጡራን ከሚኖሩበት ግዙፍ ዛፍ ሥር ነው። ወራሪው የጦር አውሮፕላን፣ ሚሳኤልና ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ሮቦት አለው። ናቪዎች ቀስት አላቸው።

ለምን ቀስት ብቻ? ይህን ስንጠይቅ ከወጣቶቻችን የምንሰማው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው ስለሚኖሩ ቴክኖሎጂ አያስፈልጋቸውም።» መልሱ ያምራል። እኛ ግን አንቀበለውም። ቀስቱን ያስያዘቻቸው ፓንዶራ አይደለችም። ያስያዛቸው ድርሰቱን የጻፈው ሰው ነው። ያስያዛቸውም ከውጭ የሚመጣ አዳኝ እንዲያስፈልጋቸው ነው።

(በፊልሙ ውስጥ ስላለው የዛፍ አምልኮ ለምን አትጽፉም የሚሉን አሉ። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ኢንሻአላህ በሌላ ጊዜ።)

እስቲ ፊልሙ ራሱ የሚነግረንን እንይ። ዶክተር ግሬስ የምትባለው ተመራማሪ የፓንዶራ ዛፎች በሥሮቻቸው እንደተያያዙ፣ ግንኙነታቸውም ከሰው አንጎል ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ ታስረዳለች። ናቪዎች በጉንጉን ፀጉራቸው በኩል ከዚህ መረብ ጋር እየተገናኙ የአባቶቻቸውን ትዝታ ያስቀምጣሉ፣ መልሰውም ይወስዳሉ። ቆም ብለን እናስብ። የትውልዶችን ትዝታ ሁሉ በእጁ የያዘ ሕዝብ ነው! የሞተ አዋቂ እውቀቱን ይዞ አይቀበርም። የሰው ልጅ ጽሑፍ ፈልስፎ፣ ወረቀት ሠርቶ፣ በእጁ እየገለበጠ በሺህ ዓመታት ያገኘውን እነሱ ሲወለዱ አግኝተውታል። ታዲያ ይህ ሕዝብ በዚህ ሁሉ እውቀት ምን ሠራ? ቀስት፣ ሽመና፣ ኮርቻ። እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቷቸው አንድም ደቀ መዝሙር አላፈሩም እንድንል ነው የተፈለገው?

ደግሞ ልብ በሉ፣ ናቪዎች ያላቸው ትልቅ ነገር ሁሉ አብሯቸው የተወለደ ነው። አጥንታቸው በተፈጥሮው እንደ ካርቦን ፋይበር ጠንካራ ነው። የሚበሩት በጉንጉናቸው ከሚበርር እንስሳ ጋር ተጣምረው ነው። አስበው፣ ሞክረው፣ ተሳስተው፣ አርመው ያገኙት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሰው ልጅ ይሠራል፣ ናቪ ይሰጠዋል። ፊልሙ እንደ ሙገሳ ያቀረበው ይህን ነው። ለእኛ ግን ሙገሳ አይመስለንም። አንድን ሕዝብ «ንጹሕ ነው» እያሉ ማሰቢያውን መንጠቅ ነው።

ጄክ ሱሊ የተባለው የቀድሞ ወታደር በአንድ ቦታ ላይ «እኛ ያለን፣ እነሱ የሚፈልጉት ምንም ነገር የለም» የሚል ሐሳብ ይናገራል፤ ምሳሌው ቢራና ጂንስ ሱሪ ነው። ቢራውንና ጂንሱን እሺ፣ ይቅርባቸው። ግን ቤታቸውን ሊያፈርስ የመጣው ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅስ አይፈልጉም? በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ግዙፍ የማዕድን መኪና ጎማው ላይ ፍላጻዎች ተሰክተው ሲገባ እናያለን። ውጊያው ቆይቷል ማለት ነው። ሰዎቹ ትምህርት ቤት ከፍተው እንግሊዝኛ አስተምረዋቸዋል፣ እነሱም ተምረዋል። የጠላቱን ቋንቋ የተማረ ሕዝብ የጠላቱን ጎማ የመማር ፍላጎት እንዳይኖረው ማን ከለከለው?

ያ ወታደር ደግሞ ሦስት ወር ቆይቶ የሚያደርገውን እዩ። ቶሩክ የሚባለውን፣ ሁሉም የሚፈራውን ግዙፍ በራሪ አውሬ ይገራል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከሰማይ ሁሉ የሚበረታ አውሬ ወደ ላይ የሚያይበት ምክንያት የለውም፣ ስለዚህ ከላይ ውረድበት። በነሱ አፈ ታሪክ ይህን ያደረጉት አምስት ብቻ ናቸው። ልጅ ሆነው ጀምረው ሰማይ ላይ የሚያድኑ ሰዎች ሳያስቡት፣ ትናንት የመጣው አሰበው! ወገኖቹን የሚያሰባስበውም፣ ጦሩን የሚመራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ናቪዎች ባቡር አጥቅተው መሣሪያ ሲማርኩና ጠመንጃ ሲይዙ እናያለን። ስለዚህ ጠመንጃ መያዝ ይችሉ ነበር፤ እጃቸውም አልከለከላቸውም፣ እምነታቸውም አልከለከላቸውም። የጎደለው የሚመራቸው የውጭ ሰው ብቻ ነበር።

ይህ የካሜሮን ብቻ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ክፍል ጆርጅ ሉካስ ኋላ ቀር ሕዝብ ታላቁን ኢምፓየር ሲያሸንፍ ማሳየት ፈልጎ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ውኪዎችን ነው። ችግሩ ግን ቹባካ የተባለው ውኪ ቀደም ባሉት ክፍሎች የጠፈር መርከብ ሲነዳና ሲጠግን ታይቷል። ስለዚህ ውኪዎቹ ቀሩና ኢዎክ የሚባሉት ትንንሽ ፀጉራም ፍጡራን ተፈጠሩ፤ ድንጋይና ግንድ ይዘው። የመሣሪያቸው ደረጃ መጀመሪያ ተወሰነ፣ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ተፈለገለት።

«ቢሆንም ፊልሙ ለተጠቂው ነው የሚያዝነው፣ ወራሪውን ያወግዛል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ዛፉ ሲወድቅ ያላዘነ የለም። ጥያቄያችን ግን ሐዘኑ የተሰጠው በምን ዋጋ ነው የሚል ነው። ተጠቂ ሲባል ባዶ እጁን የቆመ፣ ምንም የማያውቅ፣ የዋህ መሆን አለበት? ናቪዎች በራሳቸው ፋብሪካ የሠሩት ሚሳኤል ቢኖራቸው ኖሮ ቤታቸው ቤታቸው አይሆንም ነበር?

በእውነተኛው ታሪክ የተወረሩ ሕዝቦች እንዲህ አልነበሩም። የማይሶሩ ቲፑ ሱልጣንና አባቱ ሐይደር ዐሊ በደቡብ ሕንድ የእንግሊዝን ኩባንያ ጦር የገጠሙት በሮኬት ነው፤ የባሩዱ ቀፎ ከብረት የተሠራ፣ በዘመኑ አውሮፓ ከነበረው ሁሉ ርቆ የሚሄድ ሮኬት። ቲፑ እ.ኤ.አ በ1799 ከተማውን ሲከላከል ተገደለ። እንግሊዞች ሮኬቶቹን ሰብስበው ወደ አገራቸው ወሰዱ፣ ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለው ሰው ከነሱ ተነሥቶ የራሱን ሠራ፣ እ.ኤ.አ በ1807 ኮፐንሃገንን ሲደበድቡም ተጠቅመውበታል። ተማሪው ማን ነበር፣ አስተማሪውስ? በምዕራብ አፍሪካ የሳሞሪ ቱሬ አንጥረኞች የፈረንሳዮችን ጠመንጃ አይተው አምሳያውን ሠርተዋል። በ1888 ዓ.ም አድዋ ላይም በጦርና በጋሻ ብቻ ነው ያሸነፍነው እያልን የምንፎክረው ልክ አይደለም። አያቶቻችን በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃና መድፍ ይዘው ነበር፣ ከፊሉም ከራሷ ከጣሊያን የተገኘ ነው። ጦርና ጋሻ ብቻ ስንሰጣቸው እኛም ካሜሮን በናቪዎች ላይ ያደረገውን እያደረግንባቸው ነው።

የሚገርመው ካሜሮን ሐሳቡን በ1990ዎቹ ጽፎ፣ ቴክኖሎጂው እስኪደርስለት ዓመታት ጠብቋል። ቴክኖሎጂ የማያውቅ ሕዝብ ለማሳየት በዘመኑ ረቂቅ የሆነውን ካሜራና ኮምፒውተር አስፈለገው።

የፊልሙ ወዳጆች ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ሁሉንም ክፍሎች እንደገና እዩና ጄክ ሳያዘው፣ ማንም የሰው ልጅ ሳያስተምረው፣ አንድ ናቪ የወደቀ ማሽን ከፍቶ ውስጡን ሲመረምር የሚያሳይ ትዕይንት ካገኛችሁ በኮሜንት አስቀምጡልን። ደቂቃውንም ጻፉ።