«ሐኪም ጋራ» — ምንም አልተገኘም

ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ጋራን ያየዋል። ከሐረር በስተደቡብ፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየ የተቀመጠ ጋራ ነው፤ ዓይኑ የደከመ እንኳ አይስተውም። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ግን ባለፈው ዓመት ይህ ጋራ አልነበረም። ‹ሐኪም ጋራ› ብለን ጻፍን፤ ‹ምንም አልተገኘም› አለን። ደግመን ጻፍን። ያው ነው። የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሆነ አንናገርም፤ በሽታው የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ነገሩን በቀልድ ልናልፈው እንችል ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን ዋጋ ከፍላበታለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በጋራው ዙሪያ ባሉ መንደሮች በሚነገሩ የቦታ ስሞችና ትረካዎች ላይ ለመሥራት ተነሣች። እንደ ደንቡ በመጀመሪያ ‹ከዚህ በፊት የተሠራ አለ ወይ?› ብላ ካታሎጉን ጠየቀች። የለም አላት። አማካሪዋም ‹የለም ካለ የለም ነው› ብሎ ፈረመላት። አምስት ወር ሙሉ አቀበት ወጣች፣ ቁልቁለት ወረደች፣ በስልኳ ቀዳች፣ ሌሊት ሌሊት ስትገለብጥ አደረች። ጽሑፏን ካስረከበች በኋላ በመደርደሪያው ታችኛ እርከን አቧራ የለበሰ ጥራዝ ተገኘ፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ያው ጋራ፣ ያው መንደሮች። መዝገቡን ብናይ ‹ሀኪም ጋራ› ይላል። ልዩነቱ አንድ ፊደል!

የሚያንገበግበን ድካሟ አይደለም። በዚያኛው ጥራዝ ከተናገሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ በመካከሉ ዐርፈዋል። ጽሑፉ በእጇ ቢሆን ኖሮ እነርሱ ካቆሙበት ትነሣ ነበር። አሁን ግን የእነርሱን ግማሽ እንኳ የማያውቁ ሰዎችን ይዛ እንደገና ሀ ብላ ጀመረች። (የትኛው ‹ሀ› እንደሆነ ካታሎጉ ይወቅ።)

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለጆሯችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለማሽኑ ግን ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለሀ 1200፣ ለሐ 1210፣ ለኀ 1280 የሚል መለያ ተሰጠው። ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ነበረውና በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ሲከፈት የጅብ ጥላ ይመስል ነበር። ነገር ግን መለያ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ማመሳሰል ሌላ። 1200 እና 1210 አንድ ድምፅ መሆናቸውን ለማሽኑ የሚነግረው ሰው ከሌለ በራሱ አያውቅም። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ‹አላገኘሁም› የሚል ካታሎግ አንድ ቀን አይታገሡትም፤ እኛ ግን ይኸው ዓመት አልፎ ዓመት ታገሥን።

የጉዳዩ ስፋት ምን ያህል ነው? የ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ደራሲ እንውሰድ። ሀዲስ፦ የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ መጨረሻው በስ ወይም በሥ። 12 መልክ። ዓለማየሁ፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ መጨረሻው ሁ፣ ሑ፣ ኁ። ይህም 12። ሁለቱ ሲባዙ 144! በእርግጥ 144ቱን ሁሉ የሚጽፍ ሰው የለም፤ አምስት ስድስቱ ግን በየዕለቱ ያጋጥማሉ፤ ለማሽኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው የማይተዋወቁ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን እንከን ‹ተባይ› ይሉታል። እኛ ነቀዝ ብንለው ይሻላል፤ ጎተራው ሲያዩት ሙሉ ነው፣ እጅ ሲገባበት ዱቄት ነው።

አሁን ከማን ጋር እንደምንከራከር ግልጽ እናድርግ። መጀመሪያ የሚመጡት አራሚዎቹ ናቸው። ‹ሐኪም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ ተማሪው ፊደል ይማር፤ ካታሎጉ ምን አጠፋ?› ይሉናል። እኛ የፊደል ጠላቶች አይደለንም። በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠዓሊ ሥዕል የሚሥለው መሆኑን፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰአሊ ደግሞ ለማኝ መሆኑን እናውቃለን፤ ለግዕዝ አንባቢ ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ነገር ግን ካታሎግ የፊደል መምህር አይደለም። መዝጋቢው ርእሱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይገለብጣል፤ ደራሲው ‹ሀኪም› ካለ ‹ሀኪም› ብሎ ይመዘግባል፤ ‹አረምኩት› ብሎ ቢለውጠው የሌላ ሰው ርእስ አበላሸ ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢው ፊደሉን በትክክል ቢያውቅስ ምን ሊጠቅመው? ጓደኛችን የጻፈችው እኮ በሐመሩ ሐ ነው! ትክክል የጻፈው ቀረበት፣ የተሳሳተው ያገኛል። በዚህ ላይ የሚመጻደቅ ሰው ካለ ወንበሩን ይልቀቅልን።

ከእነርሱ ትይዩ የቆሙት ደግሞ ቀናሾቹ ናቸው፦ ‹ሞክሼዎቹ ፊደሎች ይቀነሱ፣ ነገሩ ያልቃል›። ይህ ክርክር ከአያቶቻችን ዘመን የወረስነው ነው፤ ዛሬ አንፈታውም። ግን ፊደሉ ነገ ጧት ቢቀነስ እንኳ ትናንት የታተሙት መጻሕፍት ልባሳቸውን አይለውጡም። መደርደሪያው የትናንት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ነጥብ ሳይነካ እንደታተመ ይቆይ፤ ማሽኑ በሥውር የሚፈልግበት ማውጫ ውስጥ ግን ሞክሼዎቹ አንድ ይሁኑ። ‹ሠዓሊ› ብሎ የጠየቀ በመጀመሪያ ‹ሠዓሊ›ን ያግኝ፣ ከሥሩ ደግሞ ‹ሰአሊ› ይምጣለት። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጠፋም። የካርዱን ዘመን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን ስንነግራቸው ሣቁብን፦ ‹በመሳቢያው ዘመን ሦስቱም ሀ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ እናንተ ናችሁ ያጣላችኋቸው!›

ሦስተኛዎቹ ይበልጥ ያናድዱናል። ‹ሶፍትዌሩ የፈረንጅ ነው፤ እነርሱ እስኪያስተካክሉት እንጠብቅ› የሚሉት። ጠብቁ! ፈረንጁ ሀ እና ሐ አንድ መሆናቸውን በሕልሙ ነው የሚያየው? ደግሞ ‹የፈረንጅ› የሚባለው ሁሉ በር የተዘጋበት አይደለም። ከኒው ዚላንድ የተነሣውን ኮሃ የተባለ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ተመልከቱ። (ስሙ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ በእኛ ፊደል ኮሃ፣ ኮሓ፣ ኮኻ ሊባል መቻሉ ራሱ ጉድ ነው።) እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በዚያ ቤት ጥገናውን የጻፈው ሰው ራሱ አያጸድቀውም። ከጥገናው ጋር የፈተና መመሪያ ያያይዛል፦ ይህን ቃል ጻፍ፤ ከጥገናው በፊት ይህ ይታይሃል፤ ከጥገናው በኋላ ያ መታየት አለበት። ሌላ ሰው ሞክሮ ይፈርማል፤ ቀጥሎ የጥራት ተቆጣጣሪዎች ያዩታል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ወደ ዋናው ሶፍትዌር የሚገባው። የመጀመሪያው ፈራሚ ፕሮግራመር እንዲሆን ግዴታ የለበትም። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ መፈለግ የሚያውቅ፣ ያየውን የሚጽፍ ሰው ይበቃል። ይህ ሰው ማን ነው? እኛ ነን፣ እናንተ ናችሁ።

ፈተና ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ከደረሰብን እንናገር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ባለሙያ የማመሳሰያ ሠንጠረዥ ሠራልን። ሐን ወደ ሀ፣ ሑን ወደ ሁ፣ ሒን ወደ ሂ፣ ሓን ወደ ሃ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዕ በየረድፉ አሰለፋቸው። ‹ሐኪም› ብለን ሞከርን፤ ‹ሀኪም› መጣ። እልል አልን። ከሳምንት በኋላ አንዱ ልጅ ‹ሃኪም› ብሎ ጻፈ፤ ምንም አልተገኘም! ለምን? ግዕዙ ሀ እና ራብዑ ሃ በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ሠንጠረዡ አላወቀም። አ እና ኣም እንደዚያው። በረድፍ ያሰበ ሰው ይህን አያይም፤ በጆሮው የሚሰማ ግን ወዲያው ያየዋል። ደግሞ ኸ አለ፦ ግዕዙ ኸ ከሀ ይለያል፣ ራብዑ ኻ ግን ከሀ ጋር አንድ ነው። ‹አንድ ቤተሰብ ነው› ብሎ በጅምላ ማሰለፍ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ሠንጠረዡ ታረመ። አሁንም አዳዲሶቹ መጻሕፍት ብቻ ተገኙ፣ አሮጌዎቹ ቀሩ። ምክንያቱ የሚያሳፍር ነው፤ ሠንጠረዡ ተለወጠ እንጂ ማውጫው ከመጀመሪያው እንደገና አልተሠራም። የድሮው ማውጫ በድሮው ሕግ እንደተደረደረ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ እንደገና ተሠራና ተስተካከለ። ክረምት ገባ፤ ሶፍትዌሩ ወደ አዲሱ እትም ከፍ ተደረገ፤ አዲሱ እትም የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ መጥቶ የእኛን ደመሰሰው። መስከረም ላይ ሐኪም ጋራ ዳግመኛ ጠፋ። እስከ ኅዳር ማንም አላወቀም። ማን ይወቅ? የተሰበረ በር ይንቋቋል፤ ‹ምንም አልተገኘም› የሚል ካታሎግ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ተማሪውም ‹የለም ማለት ነው› ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ የፈተና ዝርዝር ማዘጋጀት ጀመርን። ዝርዝሩ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ነው፤ በግራ የምንጽፈው ቃል፣ በቀኝ መምጣት ያለበት መጽሐፍ። ፀሐይ በፀሐዩ ፀም በጸሎቱ ጸም። ቋንቋ እና ቁዋንቁዋ። በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ የታተመበት የድሮ ርእስ፤ ሁለት ነጥቡ የቃል መለያ መሆኑ ካልተነገረው ማሽኑ አምስቱን ቃል አንድ ረጅም ቃል አድርጎ ይውጠዋልና። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው።

ከባዱ መነሻው ላይ የሚለጠፈው ነው። ‹ሐረር› ብሎ የፈለገ ‹የሐረር ታሪክ›ን አያገኝም፤ ‹በሐረር›ን፣ ‹ከሐረር›ን፣ ‹ስለሐረር›ንም አያገኝም። የእንግሊዝኛው ዘዴ የቃሉን ጅራት መቁረጥ ነው፤ የእኛ ቃል ግን በራሱም ላይ ይጫንበታል። ‹ታዲያ የን፣ በን፣ ከን፣ ለን ከፊቱ ቆርጠን እንጣል!› አለ አንድ ቸኩሎ። ቆረጠ። ከበደ ‹በደ› ሆነ። ለማ ‹ማ› ሆኖ ቀረ። አርበኛው በላይ ዘለቀ ‹ላይ ዘለቀ› ሆነና ‹ላይ› የሚል ርእስ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። በዚህ ጊዜ ነው የገባን፤ የፈተና ዝርዝር መገኘት ያለበትን ብቻ ሳይሆን መገኘት የሌለበትንም መያዝ አለበት። ስለዚህ የወረቀቱ ጀርባ ተጻፈ፦ ‹ከበደ› ሲባል በደል የሚል አይምጣ፤ ‹ሐኪም ጋራ› ሲባል ‹ከሐኪም ጋራ የተደረገ ውይይት› ከጋራው በላይ አይቀመጥ። (የዚህ ጋራ ስም ለማሽን ወጥመድ ሆኖ የተፈጠረ ይመስላል።) መፍትሔው፣ እስካሁን እንደደረስንበት፣ ሙሉውንም የተቆረጠውንም ቃል በማውጫው ውስጥ ጎን ለጎን መያዝና ሙሉውን ማስቀደም ነው።

የፊደል ማመሳሰል የማይደርስበትም አለ። ይኸው ጋራ በኦሮምኛ መጽሐፍ ላይ በቁቤ ይጻፋል። በሸሪፍ ሙዚየም ከተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች መካከል ብዙዎቹ የተጻፉት በዓረብ ፊደል ነው። ዓለማያ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ሐረማያ ነው፤ በአንዱ ስም የሚፈልግ የሌላውን ዘመን ሥራ ያጣል። እነዚህን የሚያገናኝ ‹ይህንንም ተመልከት› የሚል መዝገብ ነው፤ እርሱም የሰው እጅ ይጠይቃል። ደራሲዎቻችንንም በአባት ስም ገልብጦ ‹ታምራት፣ ታደሰ› የሚል ካታሎግ አይተናል፤ ስለዚህ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንመጣበታለን፤ ሆዳችን ቆስሏል።

ከሁሉ በላይ ግን የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። አብዛኞቻችን ካታሎጉ አልሠራ ሲለን ምን አደረግን? በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ጀመርን። ያገኘነውን ወሰድን፣ ያላገኘነውን ረሳን፣ ‹ሲስተሙ አይሠራም› ብለን ሻይ ቤት ገባን። በእንግሊዝኛ የሚገኘው ብቻ የተነበበበት ዲፓርትመንት ሲፈጠር ‹የአገር ውስጥ ጥናት የለም› ብለን ጻፍን፤ መምህራኑም አረሙልን፣ ውጤትም ሰጡን። ይህን ጥፋት በማሽኑ ላይ ልንደፈድፍ አንችልም። አንድም ተማሪ የጻፈውን ቃል፣ የጠበቀውን መጽሐፍና ያየውን ውጤት በሦስት መስመር ጽፎ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ የጓደኛችን አምስት ወር ይተርፍ ነበር።

ዝርዝሩ አሁን 43 መስመር አለው። በዚህ ሳምንት ስንፈትነው 38ቱ አለፉ፣ 5ቱ ወደቁ፤ ከወደቁት አንዱ ያው ‹ስለሐረር› ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ በ10 ሰዓት በአሮጌው የካርድ መሳቢያ አጠገብ እንቀመጣለን፤ ጋሼም ይኖራሉ። ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ቃል እንደጻፋችሁት፣ በየትኛው ሀ እንደሆነ ሳታርሙ፣ በብጣሽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።