የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው ማነው?

«ሥራማ ሞልቷል፤ የሚሠራ ሰው ጠፋ እንጂ» የሚለውን አነጋገር ከከበርቴው አፍ ብንሰማው ባልገረመን። ጓዶቻችንም ሲደግሙት መስማት ግን ያሳዝናል።

ግራንድ ፕሬሪ በዳላስና በአርሊንግተን መካከል ያለች ከተማ ናት። ግሬት ሳውዝዌስት የሚባለው የመጋዘንና የፋብሪካ ሠፈር በእርሷና በአርሊንግተን መሬት ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ሥራ በእርግጥ አለ። ከተማዋ ግን የዳላስ አካባቢ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት የዳርት አባል አይደለችም። አባል ከተሞች ለዳርት ከመቶ 1 የሽያጭ ታክስ ይሰጣሉ፤ የቴክሳስ ሕግ ደግሞ ለአካባቢ መስተዳድሮች በጠቅላላው ከመቶ 2 በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ለአውቶቡስ ይዋል ወይስ ለሌላ የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ እንጂ የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም። አባል ባለመሆን የመንገዱ ዋጋ አልቀረም፤ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ዐረፈ። መኪናው፣ ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገኝ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ ነው።

አዲስ መጪው ወገናችን በሌላው መኪና ተዳብሎ ይሄዳል። መረዳዳቱ ደግ ነው። ነገር ግን ባለመኪናው ፈረቃ ሲለውጥ እርሱም መለወጥ አለበት፤ ባለመኪናው ትርፍ ሰዓት ሲሠራ እርሱም ቆሞ ይጠብቃል፤ ማዶ ያለው መጋዘን የተሻለ ቢከፍል እንኳ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። አሠሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንድ ደጃፍ ብቻ የሚያንኳኳ ሰው በምን አቅሙ ስለ ደመወዝ ይከራከራል?

ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬይን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ በዲትሮይትና በቺካጎ የመኖሪያ ቤት አድልዎ ጥቁሮችን ከሥራ እንዳራቃቸው አመልክቷል። ጣጣው የአሜሪካ ብቻም አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ዘንድ ለመድረስ ወደ መሃል ከተማ መምጣት ነበረባቸው። ሳይመን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከእነዚህ መካከል የአውቶቡስ ገንዘብ የተሰጣቸው ሥራ ፍለጋውን አጥብቀው እንደያዙና ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ሰነፍ የተባለው ወጣት ያጣው የአውቶቡስ ሳንቲም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት፣ በዚያችው ከተማ የትራንስፖርት ገንዘቡ ውጤት ከአራት ዓመት በኋላ እንዳልዘለቀ፣ የማመልከቻ ሥልጠናና የችሎታ ምስክር ወረቀት ያገኙት ግን የተሻለ ገቢ እንዳላቸው ይገልጻል። ከዚህ ተነሥተው «ርቀት ቁም ነገር አይደለም» የሚሉ አሉ። አንስማማም። ገንዘቡ የተሰጠው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን አላጠረም።

ሠራተኛን በሚኒባስ አመላልሰው ሒሳቡን ከደመወዝ ስለሚቆርጡ ደላሎች በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።