የማንደገፈው ትራስ

ትራስ ስሙን ያገኘው ከራስ ነው። ግዕዙ «ትርኣስ» ይለዋል፤ ራስ የሚያርፍበት ማለት ነው። በዛሬው የአዲስ አበባ ሳሎን ግን ራስ ቀርቶ ክርን እንኳ አያርፍበትም። ሶፋው ላይ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ፣ ወርቃማ ጥልፉ እያብረቀረቀ፣ አንዳንዱም ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት እንግዳውን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ የገባ ሰው የሚያኖርበት ቢያጣ ትራሱን አቅፎ ቡናውን ሲጠጣ ስንቴ አይተናል!

ክርክሬ አጭር ነው። የትራስ ጨርቅ መመረጥ ያለበት በብልጭታው ሳይሆን በምቾቱ፣ በእጥበቱና በሠራው እጅ ነው እላለሁ። በዚህ ሚዛን ደግሞ አብረቅራቂው ፖሊስተር በእጅ ከተሸመነው የአገር ጥጥ ፊት አይቆምም።

ከምቾቱ እንጀምር። ፖሊስተር ላብ አይመጥጥም፤ ጥልፉ ጉንጭ ይፍቃል። ከፋዩም ቢሆን የበጋውን አቧራ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ጥጥ ግን ላብ ይመጥጣል፤ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ሲላችሁ አንዲት ክር መዝዛችሁ ክብሪት ለኩሱባት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። መርካቶ ውስጥ «የሽሮ ሜዳ ሥራ ነው» ተብሎ የቀረበልኝ ባለ ጥለት ጨርቅ ክሩ ዶቃ ሆኗል። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ነጭ ነው፤ ጥለቱ የታተመ እንጂ የተሸመነ አልነበረም።

«ሸማ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ይሳሳል» የሚሉ አሉ። ነጠላ ቆርጦ ትራስ ለሚያሰፋ ሰው እውነት ነው። ለትራስ የሚሆነው ግን እንደ ቡሉኮ ወፈርና ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነው ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ። ልብሱ ብቻ እየወለቀ እንዲታጠብም ዚፕ ይግባለት። ነጭም ግዴታ አይደለም፤ ሸማኔው ቡናማና ግራጫ ክር ሲያዙት ያስገባል። ቤቱ ለሚበርደው ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና አለ። መስቀል ያለበትን የቀሚስ ጥለት ቆርጦ መቀመጫ ማድረጉን ግን አልደግፍም፤ እሱ ለሌላ ክብር የተሠራ ነው።

«ውድ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። ማንም የማይደገፋቸውን ስምንት ትራሶች በገዛንበት ገንዘብ ሁለት የሚደገፏቸውን ብናሠራ ሳሎኑም ይሰፋል፣ እንግዳውም ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሠሪው ነገር ነው። በዚህ አገር ሸማኔ ብዙ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ቢበረታ ነው። ዛሬ በአፍ መስደቡን ትተናል፤ በኪሳችን ግን ቀጥለንበታል። የጋሞው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ድርና ማግ ሲያገናኝ ይውላል፤ እኛ የእሱን ጥለት በማተሚያ የኮረጀውን ጨርቅ ገዝተን ሳሎናችንን «ባህላዊ» እንለዋለን። በጥምቀት ዕለት ሥራውን ለብሰን እናጌጣለን፤ በማግስቱ ለቤታችን የማይበቃ እናደርገዋለን። ባህል በዓመት ሦስት ቀን የሚለበስ ከሆነ ሸማኔው የቀረውን ዓመት ምን ይብላ?

እንግዲህ ትራስ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ሽሮ ሜዳ ወጣ በሉ። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ ለክታችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ፣ ዋጋውን ተነጋግራችሁ እዘዙ። ሲደርስላችሁም እንግዳችሁን «ደገፍ ይበሉ» በሉት፤ ያልታሸና ያልተደገፉት ትራስ ገና ከሱቅ አልወጣም።