ለጌም የሚሆን ማዳመጫ ሲገዙ ጆሮዎን ያስቀድሙ

ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ባለበት ቤት ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ «ሰራውንድ ያለው ሄድፎን ይገዛልኝ» የሚል። ወላጅም ሆነ ተጫዋች ሱቅ ሲገባ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ድምፁ ጉልበት ነው። በእኛ እምነት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፁን ዝቅ አድርጌ በደንብ ይሰማኛል ወይ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «7.1» ብዙዎችን ያማልላል። ሰው ግን ያለው ሁለት ጆሮ ነው። ድምፅ ከየት እንደመጣ አእምሯችን የሚለየው ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜና የጉልበት ልዩነት ነው። አብዛኞቹ ማዳመጫዎችም በየጎናቸው አንድ አንድ ድምፅ ማውጫ ብቻ አላቸው፤ ዙሪያ ገባ የሚመስለውን ድምፅ የሚፈጥረው ስሌት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ይህን ስሌት ራሱ ስለሚሠራ፣ በጆይስቲኩ ላይ የሚሰካ ተራ ባለገመድ ማዳመጫም ያገለግላል። ስለዚህ ለጽሑፉ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

የጤናው ጉዳይ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በተኩስ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የባላጋራውን ኮቴ ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወዲያው ፍንዳታው ሲመጣ በዚያው ልክ ጆሮውን ይመታዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ማዳመጥ ሲሆን፣ ለልጆች ደግሞ መጠኑን ወደ 75 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ይህም ማለት አንድ አዋቂ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ይኖረዋል።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ያሉት ፀጉር መሰል ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጉዳቱ ሕመም ስለሌለው ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ሰውየው የሚነቃው ጫጫታ ባለበት ቦታ የሰው ንግግር መለየት ሲያቅተው ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ይምረጡ? ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ከኋላው ዝግ የሆነውን ይመልከቱ። የቴሌቪዥንና የመንገድ ጫጫታን ስለሚቀንስ ድምፅ ለመጨመር አይገፋፋም። ቀላልና ጭንቅላትን የማይጨቁን ይሁን። ለልጅ ከሆነ የድምፅ መጠኑን የሚገድብ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከመግዛትዎ በፊት በዝቅተኛ ድምፅ ሞክሩልኝ ይበሉ፤ በዝቅተኛ ድምፅ የማይጠራ ማዳመጫ ቤት ሲገባ መጮሁ አይቀርም።

ከገዙ በኋላም በጨዋታው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የሙዚቃውን መጠን ይቀንሱ፤ ኮቴው ያለ ተጨማሪ ድምፅ ይሰማል። በከፍተኛና በዝቅተኛ ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ አማራጭ ካለም ይጠቀሙበት። በየሰዓቱ ማዳመጫውን አውልቀው ጆሮዎን ያሳርፉ። ልጅዎ ሲጫወት በክንድ ርቀት ቆመው በተለመደው ድምፅ ይጥሩት፤ ካልሰማዎት ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ከጨዋታ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚጮህ ወይም የመደፈን ስሜት ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። ካልተወ ወይም መስማት ከቀነሰ ሳይዘገዩ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጨዋታው መዝናኛ ነው፤ ማንም ይከልከል አንልም። የተበላሸ ማዳመጫ በሌላ ይተካል፤ የመስማት አቅም ግን በገንዘብ አይመለስምና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።